ጅራቱን የሚቆላ ተሳቢ ይዞ ወደ ጨንቻ

ከአርባ ምንጭ ከተመለስኩ ወዲህ አቃቂ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «አዞውን አየኸው?» አላየሁትም። አባያንና ጫሞንም ቢሆን ያየኋቸው በስፖኪዮ ነው፤ የሚከተለኝን ተሳቢ ስጠብቅ በመስታወቱ ጥግ ብልጭ ብለው አለፉ። ስድስት ቀን ሙሉ ዓይኔ ከዚያ ተሳቢ ላይ አልተነሳም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው አዞ ለናፈቀው ሰው አይደለም። ከባድ ነገር በፒክአፕ ጎትቶ ሰው አገር ማድረስ ምን እንደሚመስል፣ የዚያ አገር ሰውስ እንግዳውን እንዴት እንደሚይዝ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማወቅ ለሚፈልግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጨንቻ ወዲያ ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር ከሁለት ዓመት በፊት እኛ ጋራዥ ወፍጮ አሠርቶ ነበር። ያን ወፍጮ በተሳቢ ጎትቶ የሄደው ሥራውን እኔ ያስተማርኩት ታደሰ የሚባል ሹፌር ነው። መንደሩ ሊደርስ ቁልቁለቱ ብቻ ሲቀረው ተሳቢው ጅራቱን መቁላት ጀመረ። ግራ ቀኝ እያወናጨፈው ተሳቢውን ከመኪናው የሚያያይዘው ጋንጮ ተላቀቀና ወፍጮው ገደል ገባ። ሰው አልሞተም። ታደሰን ግን «አሻጥር ነው» ብለው አርባ ምንጭ ላይ ጥቂት ሳምንት አሰሩት፤ ማስረጃ ሲያጡ ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። አሁን የዚያው የጋራዣችን ዘበኛ ነው፤ በሩን ይከፍታል፣ በሩን ይዘጋል።

ባገኘኝ ቁጥር የሚለኝ አንድ ቃል ነው፦ «ጋሽ በላይ፣ አንተ እንዳስተማርከኝ ነው የጫንኩት።»

ይሄ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። እንዳስተማርኩት ጭኖ ከወደቀ፣ ወይ ታደሰ ይዋሻል፣ ወይ የኔ ትምህርት ውሸት ነው። ሁለቱም አልዋጥልህ አሉኝ። ማኅበሩ ሁለተኛ ወፍጮ ሲያሠራ «እኔ ነኝ የምወስደው» አልኩ። አለቃዬ «ለዚህ መንገድ ዕድሜህ ገፍቷል» አለኝ። ይበልጥ ሳይገፋ ልሂድ ብዬ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት።

የመጀመሪያው ቀን

የተሳቢ ሕግ አጭር ነው፤ ከባዱ ወደ ፊት፣ ቀላሉ ወደ ኋላ። ሞተሩንና ሁለቱን የወፍጮ ድንጋይ ከጎማው ፈንጠር አድርጌ ወደ ፒክአፑ አስጠጋኋቸው። ጥቃቅኑን ከኋላ አደረግሁ፤ በገመድ ጠፍሬ ሸራ አለበስኩት። ከልክ በላይ ወደ ፊት ካስጠጋኸው የፒክአፑን ወገብ ይጫነውና መሪው ይቀልልብሃል። ወደ ኋላ ካበዛኸው ደግሞ ተሳቢው አንገቱን ያነሳል፤ አንገቱን ያነሳ ተሳቢ ጌታውን እንዳየ ውሻ ጅራቱን ይቆላል። ሚዛን የለንም። የኔ ሚዛን ወገቤ ነው፤ የተሳቢውን አንገት ለብቻዬ ካነሳሁት ጭነቱ ወደ ኋላ ሸሽቷል ማለት ነው።

የዚያን ለት ጠዋት ለብቻዬ ብታገል አልነቃነቅ አለኝ። ታደሰን ከበሩ ጠራሁት። ሁለታችን እያቃሰትን አንስተን ጋንጮው ላይ አሳረፍነው።

«የኔም እንዲሁ ከብዶ ነበር» አለ እጁን በሱሪው እየጠረገ። ከዚያ ሄዶ በሩን ከፈተልን። ስናልፍ ቀና ብሎ አላየንም።

አብረውኝ የሄዱት ማኅበሩ የላካቸው አቶ ጳውሎስ ናቸው። በኔ ዕድሜ ያሉ፣ ቀጭን፣ ገበሬም ሸማኔም የሆኑ ሰው ናቸው። ጴንጤ ስለሆኑ ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው ይጸልያሉ። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም እንደመጣለት ይጠራል፤ ለሁሉም «አንተ» ነው። እኔ ጋሞኛ አንዲት ቃል ስለማላውቅ በዚህ ላይ አፌን ይዣለሁ።

ሞጆን ካለፍን በኋላ «ወፍጮዋ ለእኛ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። «ሴቶቻችን እህል ተሸክሞ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ግማሽ ቀን ይመለሳል። የፊተኛዋ ሲወድቅ ሁለት ዓመት ሸማ ሸምነን ይህን አሠራን። ይሄኛዋ ከወደቀ ሦስተኛ የለም።»

«አይወድቅም» አልኩ። ስለው ደግሞ ለሳቸው ብቻ አልነበረም።

ዝዋይ ላይ ኬላ አስቆሙን፤ የይለፍ ወረቀት አዩ፣ ሸራውን ግለጥ አሉኝ፣ ገለጥኩ፣ መልሼ ጠፈርኩ። ያን ቀን ሻሸመኔ አደርን። አልጋው ከአቃቂ ቁንጫ የማያንስ ቁንጫ ነበረው። አቶ ጳውሎስ አልጋ አልፈለጉም፤ ጋቢያቸውን ለብሰው ፒክአፑ ላይ ተሳቢውን ሲጠብቁ አደሩ። እንዲህ ያለ ጠባቂ በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ቀን

ወደ ሶዶ ስንሄድ ተሳቢው እንደ ጨዋ ልጅ ተከተለን። እንዳልቸኩል ራሴን ስገሥጽ ዋልኩ። ሹፌር ከሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ተሳቢ ሲታዘዝ እግር ነዳጁ ላይ ይከብዳል።

ያረፍነው አቶ ጳውሎስ የአክስታቸው ልጅ ቤት ነው። ራቱ ቆጮ ከክትፎ ጋር ነበር፤ ከጎኑ ዳጣ የሚሉት አረንጓዴ በርበሬ። የኛ ቤት በርበሬ መጀመሪያ ያስጠነቅቅሃል፤ ይሄኛው ሳይናገር ነው የሚመታህ። እንባዬ ሲወርድ የቤቱ ሰው ሁሉ በደስታ ተመለከተኝ፤ እንግዳ ካላለቀሰ እንደበላ የማይቆጥሩት መሰለኝ።

ጠዋት ልንነሳ ስንል ባለቤቱ አንድ ጆንያ ስኳር ድንች ተሸክሞ ወጣ። ለኔ ነው፤ ለልጆቼ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አልወስድም» አልኩት። «ተሳቢዬ ላይ አንዲት ፍሬ አትጨመርም።» ሰውየው ጆንያውን እንደያዘ ቀረ። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት፤ ነገር ግን ሕግ ሕግ ነው ብዬ ውኃ ልጨምር ወደ ሞተሩ ሄድኩ። አቶ ጳውሎስ ወደ ኋላ ቀርተው ከሰውየው ጋር በዝግታ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ይቅርታ እየጠየቁልኝ መሰለኝ።

ሦስተኛው ቀን

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ መንገድ ከሚባል ወንዝ መቁጠሪያ ቢባል ይሻላል። አንዱ ደረቅ ነው፣ አንዱ ጉልበት ይደርሳል፣ አንዱ ማታ ደረቅ ሆኖ ጠዋት በሬ ይወስዳል። ምዕራብ አባያ አካባቢ አንዱ ላይ የፒክአፑ የኋላ ጎማ አሸዋ ውስጥ መሽከርከር ጀመረ። ገና ከመኪናው ሳልወርድ የሙዝ እርሻ ውስጥ የነበሩ ሰዎች መጥተው ፒክአፑ ላይ ወጡ። ስምንት ይሆናሉ። ማንም አልጠራቸውም፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ኋላውን ሲጫኑት ጎማው ነከሰና ወጣን። የኛም አገር ሰው ጭቃ ላይ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ከነሱ አንዱ፣ ሽማግሌ፣ ሁለት ትልልቅ የሙዝ ግንድ ከነዘለላው ሊያሸክመኝ ፈለገ። አንድ እጅ ሙዝ ብቻ ቆርጬ ተቀበልኩ። «ለምን?» አለኝ። «ተሳቢው አይችልም» አልኩት። ሞተር የጫነ ተሳቢ ሙዝ አይችልም ሲባል የሰማ ሽማግሌ ምን እንዳሰበ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። እውነትም ለሚሰማው ንቀት ይመስላል። እኔ አሸዋውን ከጎማው ሳራግፍ አቶ ጳውሎስ ሽማግሌውን ይዘው ወደ ኋላ ዞሩ።

ላንቴ አጠገብ ሜዳው ላይ ትንሽ ፈጠን ስል ተሳቢው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አለ። ቀስ ስል ተወ። ወርጄ ጎማውን አየሁ፤ የቀኙ ንፋስ የቀነሰ መሰለኝና ሞላሁት።

የአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር ሴቻ የደረስነው ከሰዓት እላፊው በፊት ነው። ያረፍነው የአቶ ጳውሎስ ታናሽ እህት ወይዘሮ ማርታ ቤት ነው፤ መምህርት ናት። ራት የጫሞ ዓሣ ሠራችልን። አቃቂ ወንዝ ዳር ተወልጄ እዚህ የደረስኩ ሰው ነኝ፤ ከኛ ወንዝ ዓሣ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የሚበላው ሰው አብሮ ይውጣ። ይሄኛው ግን አጥንቱን እስክልስ ድረስ አስቀመጠኝ። ከቤቷ ማዶ የጸሎት ቤታቸው ነው፤ በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ማርታ ምግቡ ላይ ስትጸልይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ እኔም ኮፍያዬን አወለቅሁ።

አራተኛው ቀን

ይህ ቀን የተበላው በአንድ ማኅተም ነው። ወፍጮው ወደ አውራጃው ሲገባ የሚመታ ማኅተም አለ፤ ማኅተሙ አለ፣ የሚመታው ጓድ ግን ስብሰባ ላይ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። መሥሪያ ቤቱ የኛን ቀበሌ ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ በመስኮት ሐይቅ ይታያል መባሉ ነው። እኔ መስኮቱን የጋረደው የማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ነበርኩ። ለአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ማኅተሙ ተመታ።

ቤት ስመለስ ማርታ አንድ ጆንያ በቆሎ አሰናድታ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ይሄን እባክህ ውሰድልኝ» አለች። «እናቴ እዚያ መንደር ወገቧ እስኪጎብጥ ስትፈጭ ነው ያሳደገችን። የዚያ ወፍጮ የመጀመሪያው ዱቄት ከኔ እህል ይሁን።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ተነክቶ ነበር። ግን ታደሰ ትዝ አለኝ። «ከወፍጮው በኋላ ይላክ» አልኳት። «ተሳቢው ላይ አይሆንም።» ወንድሟን አየችው። አቶ ጳውሎስ መሬት መሬት አዩ።

አምስተኛው ቀን

ከሴቻ ወደ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ መንገዱ ቁልቁል ነው። ዝናቡ ሳይቀድመን ጨንቻ መግባት ፈልጌ ትንሽ ቸኮልኩ፤ ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ፒክአፑ ከኋላው አንድ ሰው የገፋው ያህል ወገቡን ነቀነቀ። በስፖኪዮው ተሳቢው አንዴ በግራ መስታወት፣ አንዴ በቀኝ መስታወት ሙሉውን ታየኝ። ጅራቱን ይቆላል፤ በቆላ ቁጥር ይሰፋል።

እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚያደርገው ፍሬን መርገጥ ነው። ፍሬን የረገጠ ተሳቢውን ራሱ ላይ ይጠራል። እኔ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፤ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፤ ልመልሰው ብዬ አልታገልኩም። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስለነበርን ሞተሩ ራሱ ቀስ በቀስ ያዘን። አቶ ጳውሎስ በጋሞኛ የሆነ ነገር ይላሉ። ያች ቁልቁለት ከአቃቂ እስከ ሻሸመኔ ካለው መንገድ ረዘመችብኝ። መንገዱ ሜዳ ሲሆን ተሳቢው ደክሞት እንደተኛ እንስሳ ረጋ አለ።

ሲቀላ ዳር ላይ አቆምኩ። ጋንጮውን አየሁ፣ ደህና ነው። ባሌስትራውን አየሁ፣ ደህና። ጎማው፣ ኩሽኔታው፣ ሁሉም ደህና። «የታደሰም እንዲህ ነበር» የሚል ሐሳብ መጣብኝና ቀዘቀዝኩ። እንግዲያው ትምህርቴ ውሸት ነው ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው ያስተማርኩት ውሸት ነው።

በመጨረሻ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ የተሳቢውን አንገት ከጋንጮው ልፈታው ያዝኩት። በአንድ እጄ ተነሳ።

በአንድ እጅ። አቃቂ ላይ ለሁለት ሰው የከበደው። ወደ ኋላ ሄጄ የጅራቱን ሸራ ፈታሁ። የስኳር ድንቹ ጆንያ አለ። ሁለቱም የሙዝ ግንድ አለ። የማርታ በቆሎ አለ። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አለ፤ እሱን ማን እንደሰጠ እንኳ አላውቅም። ሁሉም በሥርዓት፣ በፍቅር፣ መጨረሻው ጫፍ ላይ ተደርድሯል።

ያን ጊዜ እርስዎ ማለቱን ረሳሁት። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ማን ጫነው?»

«እኔ» አሉ አቶ ጳውሎስ።

«አይሆንም ስል አልሰማህም?»

«ሰማሁ። ግን ለእንግዳ የወጣ ነገር ቤት አይመለስም። የሰጠው ሰው አፍሮ ይቀራል። ስትመለስ ላስረክብህ ነበር። ኋላ ላይ ያደረግሁት ወፍጮዋን እንዳይነካ ብዬ ነው።»

ምን ትላላችሁ? ሰውየው ሌሊት ሌሊት ሳይተኛ የጠበቀውን ወፍጮ ሊገለብጥብኝ የነበረው በገዛ ይሉኝታው ነው። ተሳድቤ ልጨርስ አፌን ስከፍት ሳቄ መጣ፤ ትምህርቴ ውሸት አልነበረማ። በቆሎውንና ድንቹን ፒክአፑ ላይ አወጣን፣ ከሙዙ የሲቀላ ልጆች ድርሻቸውን ወሰዱ። አንገቱን እንደገና ስሞክረው ለብቻዬ አልነሳ አለኝ። አቶ ጳውሎስን ጠርቼ አብረን አነሳነው፣ ለምን እንደዚያ እንደሚሆንም አስረዳኋቸው፤ ኋላው ሲከብድ ፊቱ እንደሚቀል፣ ፊቱ የቀለለ ደግሞ እንደሚወዛወዝ።

በጥንቃቄ አዳመጡኝ። ከዚያ ጠየቁኝ። «ሰው ቢቆምበትስ? ኋላዋ ላይ?»

«ሰውማ ይብሳል። ጆንያ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሰው አብሮ ይወዛወዛል።»

ከዚያ በኋላ እስከ ጨንቻ ድረስ ቃል አልተነፈሱም። አቀበቱን በአንደኛ ማርሽ ስንወጣ ሙቀቱ ከታች ቀረ፣ ጉም መጣ፣ እኔም ኮቴን ቆለፍኩ። የተቆጣሁት ከፍቶባቸው መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨንቻ ላይ ያሳደረን ሸማኔ ገብስ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንችና ትኩስ ወተት አቀረበልን። የቀርከሃ ቤቱ ከውጭ ሲታይ ነፋስ የሚገባበት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ከኔ ብሎኬት ቤት ይሞቃል። አቶ ጳውሎስ ምግብ አልቀመሱም።

ስድስተኛው ቀን

ከጨንቻ ወዲያ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራ ቀኙ እንሰት። ረፋዱ ላይ አንድ አፋፍ ደረስን። «አቁም» አሉኝ። ወርደን ገደሉ ጫፍ ቆምን። ጉሙ ገለጥ ሲል ከታች የፊተኛው ወፍጮ ብረት ታየኝ። ሣር ወርሶታል።

አቶ ጳውሎስ ዓይናቸውን ከብረቱ ሳያነሱ ተናገሩ። «ያን ቀን ጉም ነበር። ሹፌሩ ኋላውን አያይም። ቁልቁለቱ ጭቃ ነበር። ይንሸራተታል፣ እንጫነው ብለን አሥር የሚሆን ጎልማሳ ተሳቢው ጅራት ላይ ወጣን። እኔም ነበርኩ። መወዛወዝ ሲጀምር ክብደት አነሰው ብለን ሌላ ሰው ጠራን።»

«ከዚያስ?»

«ሲብስ ዘለን ወረድን። እሷ ሄደ። በስብሰባው ማን ነካው ተባለ። እኛ ረዳን እንጂ ነካን አላልንም። ኋላ ሹፌሩን ሲያስሩ አንዳንዱ ፈራ፣ አንዳንዱ የሹፌሩ ጥፋት ነው ብሎ አመነ። እኔ አመንኩ። እስከ ትናንት ድረስ።»

ተናደድኩ፤ ደስም አለኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ስለማላውቅ የተሳቢውን ጎማ በእርግጫ መታሁት። ታደሰ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ሲከፍትና ሲዘጋ፣ እነዚህ ሰዎች ረዳን ብለው ይተኙ ነበር። ልጮህባቸው ፈለግሁ። ፊታቸውን ሳየው ግን እኔ ልጨምርበት የምችለው ነገር አልነበረም።

ይህን ስንነጋገር የመንደሩ ሰው የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ እየዘፈነ ከታች መጣ። ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ እየሮጡ ጎልማሶች። ቁልቁለቱ እንደዚያን ጊዜው ጭቃ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ስድስት ሰባቱ ተሳቢውን ዞረው ጅራቱን ጨብጠው አንድ እግራቸውን አወጡ። ማንም አላዘዛቸውም። ሊረዱኝ ነው።

አቶ ጳውሎስ ሮጠው መሐል ገቡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሰዉ ግራ ተጋብቶ ወረደ። አንዱ ትከሻው ላይ ረጅም ቀርከሃ ነበረው፤ ተቀበሉትና በቀጭኑ ጫፍ ይዘው፣ ወፍራሙን ከኋላ አድርገው ቁልቁል እየጎተቱ ሮጡ። ቀርከሃው ግራ ቀኝ ተወናጨፈ፣ አንዱን ቁርጭምጭሚቱን መታው፣ ሰው ሳቀ። ቀርከሃ ጎትቶ የሚኖር አገር ነው፤ ወፍራሙን በእጅ፣ ቀጭኑን ከኋላ ማድረግን ሕፃን ያውቀዋል። አቶ ጳውሎስ ግን አልሳቁም። ቀርከሃውን ጣሉና በጣታቸው መጀመሪያ ወደ ተሳቢው ጅራት፣ ቀጥሎ ወደ ገደሉ አመለከቱ።

ሳቁ ቆመ። አንድ በአንድ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ጋሞኛ አያስፈልገኝም ነበር። አንድ ጎልማሳ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ወረድን። አንደኛ ማርሽ፣ እግሬ ከፍሬን ርቆ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ከኋላዬ ሳይሆን ከፊቴ፣ ማንም ሳይዘፍን፣ ኋላውን ዞር እያለ እያየ ሄደ። ተሳቢው አንዲት ጣት ሳይዛነፍ ተከተለኝ። ታች ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁና መሪው ላይ ተደፋሁ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም።

ከደረስን በኋላ

ወፍጮውን ተክሎ ለማስነሳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ዱቄት የማርታ በቆሎ ነው። የማርታ እናት በእጃቸው ዘግነው አሸተቱት፣ ትንሽ ቀመሱና ለጎረቤታቸው አቀበሉ።

በማግስቱ ዱቡሻ ላይ ተሰበሰቡ፤ ዱቡሻ ማለት ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሣር ሜዳ ነው። የኛ ዕድር ስብሰባ ላይ ቀድሞ የጮኸ ያሸንፋል፤ እዚህ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። አቶ ጳውሎስ ቆመው ያን የነገሩኝን ሁሉ ተናገሩ። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ወጣት ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ሰማና በአማርኛ እኔም እንድሰማው አለ፦ «ይሄ ቃል ወደ ታች አርባ ምንጭ ከወረደ የምንጠየቀው እኛ ነን። አሻጥሩ የኛ ነው ይባላል።»

አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ቀስ ብለው ተነሱ። የተናገሩትን አቶ ጳውሎስ ተረጎሙልኝ። «ሹፌሩ ታስሯል። እኛ ስንት ቀን ታሰርን?»

ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ነጭተው ያዙ፤ በነሱ ዘንድ ጥፋትን አምኖ ዕርቅ የሚጠይቅ የሚይዘው እሱን ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች አንዲት ሴት ደብተር ላይ ጻፈች። አጭር ደብዳቤ ነው፦ «ወፍጮውን የጣለው ሹፌሩ አይደለም። እኛ ልንረዳው ብለን ጅራቱ ላይ ቆመን ነበር። አላወቅንም። ከዚያም ዝም አልን።» ያን ቀን የቆሙት ሁሉ እየመጡ ጣታቸውን አሳረፉ። ሊቀመንበሩ እስከ መጨረሻው ቆሞ ተመለከተ። በመጨረሻ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ፣ እፍ አለበት፣ መታው።

ደብዳቤውን አዲስ በተሸመነ ጋቢ ጠቀለሉት። አቶ ጳውሎስ ሊያስረክቡኝ መጥተው፣ ተሳቢው ባዶ መሆኑን እያዩ፣ የፒክአፑን በር ከፍተው ከጎኔ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «ፊት ለፊት» አሉ። እስከ አቃቂ እዚያው ነበር።

ጋራዡ ስደርስ ታደሰ በሩን ከፈተልኝ። ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ተሳቢው ላይ ነው። ወርጄ ጋቢውን ሰጠሁት። ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«ስንት ነበሩ?» አለኝ።

«አሥር። ኋላ ሌላም ጠርተዋል።»

«ጅራቱ ላይ?»

«ጅራቱ ላይ።»

ወረቀቱን በአራት አጠፈና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «እንግዲያው አጫጫኔ ልክ ነበር።»

«ልክ ነበር» አልኩት። እኔም ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዥ ስደርስ በሩን የከፈተልኝ ሌላ ሰው ነበር፤ ታደሰ ፒክአፑ ውስጥ መሪ ጨብጦ ተቀምጧል።